በአንድ ሰዓት የት ይደረሳል? የሚደረስበትን ክልል በካርታ ፕሮግራም ስለማስላት

በመንዝም ሆነ በተጉለት፣ በቡልጋም ሆነ በመርሐቤቴ መንገደኛ ሰው አገሬውን «ስንት ይቀረኛል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በኪሎ ሜትር አይመጣም። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፣ «ቀስ ብለህም ብትሄድ ለቀትር ትደርሳለህ»፣ «በቅሎ ካለህ ሳይመሽ ትገባለህ» ይባላል። ዳገቱና ቁልቁለቱ፣ ወንዙና ገደሉ በበዛበት አገር ርቀትን በጊዜ መለካት ከኪሎ ሜትር ይልቅ እውነቱን ስለሚናገር አነጋገሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው የካርታ ፕሮግራም ይህንኑ የአገሬውን ጥያቄ በስሌት ለመመለስ የሚደረግ ጥረት ነው፤ ከዚህ ተነስቼ፣ በዚህ መጓጓዣ፣ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ የት የት እደርሳለሁ?

ከአንድ ቦታ ተነስቶ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚደረስባቸውን ቦታዎች ከብቦ የሚያሳየው መስመር በሙያው አጠራር አይሶክሮን ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «እኩል ጊዜ» እንደማለት ነው። ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1881 ከለንደን ተነስቶ ወደ ልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ካርታ አውጥቶ ነበር። ያን ጊዜ በእጅ ተለቅሞ ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ ለአንድ ከተማና ለዙሪያዋ ሲሆን በአንድ ሰከንድ ገደማ ይጠናቀቃል፤ የሚቆጠረውም በቀን ሳይሆን በደቂቃ ነው።

ይህን ስሌት የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው በካርታ ላይ ክብ ማስመር ነው። ጤና ጣቢያውን መሐል አድርጎ 10 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ክብ ያሰምርና በክቡ ውስጥ ያሉትን ቀበሌዎች ሁሉ «ተደራሽ» ብሎ ይመዘግባል። የክቡ ስፋት 314 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በሪፖርት ላይ ያማረ ቁጥር ይወጣዋል። ነገር ግን ከእነዋሪ አለፍ ብሎ ሜዳው የሚያልቅበት አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የክቡን ስሕተት በዓይኑ ያያል። ከጀማ ሸለቆ ማዶ ያለው መንደር የጎጆው ጭስ ሲወጣ ይታያል፤ ጎበዝ ዓይን ያለው ሰው ከብት ሲነዳ እንኳ ይለያል። ወደዚያ ለመሄድ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶውን ዳገት መውጣት ያስፈልጋል፤ ይህም በበጋ ረጅም ጉዞ ሲሆን ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ጨርሶ ላይቻል ይችላል። ክቡ ማዶውን ጎረቤት አድርጎ ይቆጥረዋል። በአንጻሩ በአስፋልቱ ዳር ያለ፣ ከክቡ ውጭ የቀረ መንደር በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ሊሆን ይችላል። የሚደረስበት ክልል ትክክለኛ መልክ እንደ ሸረሪት ነው፤ በጥሩ መንገድ በኩል እግሩን ይዘረጋል፣ በገደል በኩል ይሰበስባል።

ኤፒአይ የሚባለው ነገር አንድ ፕሮግራም ሌላውን ፕሮግራም በተወሰነ ሥርዓት ጠይቆ መልስ የሚቀበልበት መንገድ ነው። በመሥሪያ ቤት መስኮት ከመቆም ጋር ይመሳሰላል፤ ቅጹን በትክክል የሞላ ባለጉዳይ ከመስኮቱ ጀርባ ምን እንደሚሠራ ባያይም መልሱን በዚያው መስኮት ይቀበላል። የሚደረስበትን ክልል ለሚያሰላ ኤፒአይ የሚቀርበው ቅጽ አጭር ነው፤ የመነሻው ነጥብ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ የመጓጓዣው ዓይነት፣ የጊዜው ወይም የርቀቱ ገደብ፣ ካስፈለገም የመነሻው ሰዓት ይሞላበታል። የሚመለሰው ደግሞ ፖሊጎን ነው፤ ይኸውም በቅደም ተከተል የተደረደሩ የነጥቦች ዝርዝር ሲሆን ነጥቦቹ በመስመር ሲያያዙ ክልሉን ይከብባሉ። እንደ ቶምቶም፣ ሂርና ማፕቦክስ ያሉ ኩባንያዎች ይህን አገልግሎት በክፍያ ያቀርባሉ፤ ብዙዎቹም እስከ ተወሰነ መጠን በነጻ ያስሞክራሉ። ቫልሃላ፣ ግራፍሆፐርና ኦፕን ራውት ሰርቪስ የተባሉት ደግሞ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሊሠራባቸው ይችላል።

ቅጹ አጭር ይሁን እንጂ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ደብረ ብርሃን በሰሜን ኬክሮስ 9.68፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39.53 ገደማ ላይ ትገኛለች። አንዳንዱ ኤፒአይ ኬክሮስን አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ሌላው ኬንትሮስን ያስቀድማል። ቁጥሮቹ ተገላብጠው ከገቡ መነሻው ከሰሜን ሸዋ ወጥቶ በሜዲትራኒያን ባሕር፣ ጣሊያን አገር ሰርዲኒያ ደሴት አጠገብ ይወድቃል። ፕሮግራሙ በቅርብ መንገድ አላገኘሁም ብሎ ከመለሰ ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል፤ የደሴቱን መንገድ አግኝቶ ከዚያ ካሰላ ግን ካርታውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ የሚወስዱ ሰዎች ይሳሳታሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ ሁልጊዜ በካርታ ላይ ዘርግቶ በዓይን ማየት ተገቢ ነው።

አሁን ከመስኮቱ ጀርባ ወደሚሠራው ሥራ እንግባ። ፕሮግራሙ መንገዶችን የሚያውቃቸው እንደ መረብ ነው። መንገድ ከመንገድ የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ቋጠሮ ነው፤ በሁለት ቋጠሮዎች መካከል ያለው የመንገድ ክፍል ደግሞ ክር ነው፤ በእያንዳንዱ ክር ላይ ለማለፍ የሚፈጀው ጊዜ ተጽፎበታል። በዚህ መረብ ላይ የሚሠራውን ዘዴ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመው፤ ዛሬም መሠረቱ እሱ ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ በመኪና እንነሣ፤ ገደባችንም 60 ደቂቃ ይሁን። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ደቂቃዎች ዘዴውን ለማሳየት የወሰድኳቸው እንጂ ተለክተው የተገኙ አይደሉም።

ከመናኸሪያው እስከ ጫጫ 20 ደቂቃ፣ እስከ ጣርማ በር 50 ደቂቃ፣ እስከ አንኮበር 65 ደቂቃ፣ በጥርጊያ መንገድ ወደ አንዲት የገጠር ቀበሌ ደግሞ 58 ደቂቃ ነው እንበል። ፕሮግራሙ እነዚህን አራቱን በጊዜያዊነት ይመዘግብና ከሁሉ ትንሹን ያነሣል፤ እሱም ጫጫ ነው። ከመነሻው አጠገብ ካሉት ሁሉ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ በሌላ በኩል ዞሮ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወደ ጫጫ መድረስ አይቻልም፤ በመሆኑም የጫጫ ጊዜ ይጸድቃል። ቀጥሎ ከጫጫ የሚነሡትን ክሮች ያያል። እስከ ሸኖ 30 ደቂቃ ቢሆን ሸኖ በ50 ደቂቃ ይመዘገባል። ያቺ የገጠር ቀበሌ ደግሞ ከጫጫ በኩል በ35 ደቂቃ የምትደረስ ብትሆን ድምሩ 55 ይመጣል፤ 55 ደግሞ ቀድሞ ከተጻፈው 58 ያንሳል፤ ስለዚህ 58 ተሰርዞ 55 ይጻፋል። የዘዴው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቀጥታ የሚሄደው መንገድ በአስፋልት ዞሮ ከሚመጣው ሊዘገይ እንደሚችል ፕሮግራሙ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜ ከሁሉ ትንሹን ጊዜ እያነሣ በመሥራቱ ብቻ እውነቱ ላይ ይደርሳል።

ገደቡ 60 ደቂቃ ስለሆነ ሥራው በቋጠሮ ላይ ብቻ አያልቅም። ጣርማ በር በ50 ደቂቃ ተደርሷል፤ 10 ደቂቃ ይቀራል። ከዚያ እስከ ደብረ ሲና 20 ደቂቃ ቢሆን ከክሩ ግማሹ ብቻ ይሸፈናል፤ ማለትም ጉዞው ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ አጋማሽ ላይ ይቆማል። ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድም ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይቋረጣል። ይህ አካባቢ የመረብ ስሌት ምን ያህል በአንዲት ክር ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችልም ያስተምራል። በጣርማ በር በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ ከካርታው ላይ በስሕተት ቢሰረዝ ወይም ከግራና ከቀኙ መንገድ ጋር ሳይጋጠም ቢቀር፣ ከእሱ በስተሰሜን ያሉት ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት በመሬት ላይ ምንም ሳይሆኑ በስሌቱ ውስጥ ግን እጅግ ሩቅ አገር ይሆናሉ።

እስከዚህ የተገኘው የመንገዶች ዝርዝር እንጂ ክልል አይደለም። ዝርዝሩን ወደ ፖሊጎን የመለወጡ ሥራ ፕሮግራሙ የራሱን ፍርድ የሚጨምርበት ክፍል ስለሆነ ከተጠቃሚው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቫልሃላ መሬቱን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ በእያንዳንዳቸው ላይ የመድረሻውን ጊዜ ይጽፍና በ60 ደቂቃ ወሰን ላይ መስመር ያሰምራል። ግራፍሆፐር የተደረሰባቸውን ነጥቦች በሦስት ማዕዘኖች አያይዞ ወሰኑን ከእነሱ ያወጣል። ሁለቱም በመንገዶች መካከል ያለውን፣ ማንም ያልረገጠውን መሬት በግምት ይሞላሉ። ስለዚህ አንድ ጎጆ በፖሊጎኑ ውስጥ መገኘቱ በአቅራቢያው የተደረሰበት መንገድ አለ ማለት ነው እንጂ ደጃፉ ድረስ ይደረሳል ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ ቫልሃላ ካልተነገረው በስተቀር ከትልቁ ክልል ተነጥለው የቀሩትን ትናንሽ ቁርጥራጮች ጥሎ ትልቁን ብቻ ይመልሳል። ለከተማ ካርታ ይህ ጽዳት ነው፤ ለእኛ አገር ግን የሚጣለው ቁራጭ ከገደሉ ማዶ በአምባ ላይ ያለ መንደር ሊሆን ይችላል። ይህን የሚቆጣጠረውን ቁጥር ከ1 ወደ 0 ማውረድ ቁርጥራጮቹን ያስቀራል፤ በእኔ አስተያየት በሸዋ ደጋና ቆላ ወሰን ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ማድረግ አለበት።

በክሮቹ ላይ የተጻፈው ጊዜ ከየት ይመጣል? ክፍት የሆኑት ፕሮግራሞች የመንገዱን መረጃ የሚወስዱት እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። እያንዳንዱ መንገድ ዋና ነው፣ መጋቢ ነው፣ የእግር ነው፣ አስፋልት ነው፣ ጠጠር ነው የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ፕሮግራሙም ከምልክቱ ተነስቶ ፍጥነቱን ይገምታል። በመሆኑም አንድ በጎ ፈቃደኛ ፒስታውን አስፋልት ብሎ ከመዘገበው በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀርባሉ። ምልክቱ ትክክል ሲሆንም ወቅቱን አያውቅም። በሞረትና ጅሩ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ያለ ጥርጊያ መንገድ በጥር ወር ለአይሱዙ ይመቻል፤ በነሐሴ ግን ያው መንገድ ለእግረኛም ጫማ ያስቀራል። ፕሮግራሙ ለሁለቱም ወራት አንድ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ለማስተካከል አዋቂዎች የሚያደርጉት የክረምትና የበጋ ሁለት የፍጥነት ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ስሌቱን ሁለት ጊዜ ማሠራት ነው፤ በራስ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ፕሮግራም ይህ የሚቻል ሲሆን በኩባንያ ኤፒአይ ግን ብዙውን ጊዜ አይቻልም።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የመነሻው ነጥብ ራሱ ነው። የተሰጠው ነጥብ በመንገድ ላይ ካልዋለ ፕሮግራሙ ወደሚቀርበው መንገድ ጎትቶ ያሳርፈዋል፤ ቅርበቱን የሚለካውም በካርታ ላይ በአየር መስመር ነው። በአንኮበር ዙሪያ በአፋፍ ላይ ያለ ቤት በአየር መስመር የሚቀርበው ከገደሉ ሥር ያለ መንገድ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጉዞው ከሥር ይጀምራል፤ መልሱም የሌላ ሰው ቤት መልስ ይሆናል። ብዙዎቹ ኤፒአዮች ነጥቡን የት እንዳሳረፉት መልሰው ሊያሳዩ ስለሚችሉ ይህን ሳይመለከቱ ማለፍ አይገባም።

በዞናችን ለብዙ ሰው መጓጓዣው እግሩ ነው፤ ስለዚህ ስለ እግር ጉዞ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች የእግረኛን ፍጥነት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ አድርገው ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በአንድ ያዩታል። ይህ በሜዳ ላይ ተቀባይነት አለው። በተዳፋት ላይ ግን የጂኦግራፊ ምሁሩ ዋልዶ ቶብለር እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ቀመር የተሻለ ነው። በዚህ ቀመር መሠረት ሰው ከሁሉ የሚፈጥነው በደልዳላ ሜዳ ሳይሆን ከ100 ሜትር 5 ሜትር በሚወርድ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በሜዳ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ100 ሜትር 20 ሜትር በሚነሣ ዳገት ላይ ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ያንኑ መንገድ ሲመለስ፣ ቁልቁል በመሆኑ፣ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጉልበት የሚይዝ ቁልቁለት ከሜዳ እንደሚያዘገይ የአገሬው ሰው ያውቀዋል፤ ቀመሩም ይህንኑ ይናገራል።

የዚህ ውጤት ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። በሜዳ ላይ አንድ ሰዓት የሚሄድ ሰው በሁሉም አቅጣጫ መንገድ ቢያገኝ 78 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይደርስበታል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ስፋቱ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዳገቱን ያልቆጠረ ካርታ ተደራሽነትን በጥቂቱ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ሊያጋንን ይችላል። የከፍታው መረጃ በአብዛኛው የሚገኘው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካችው መረጃ ሲሆን በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ለኮረብታ ይበቃል፤ ቀጥ ያለ ገደልን ግን አማካይ አድርጎ ተዳፋት ያስመስለዋል።

ስለ መጓጓዣ ሰዓትም አንድ ነገር ልጨምር። ኤፒአዩ በመኪና ሲያሰላ መኪናው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅ አድርጎ ነው። ከመናኸሪያ የሚነሣ ሚኒባስ ግን የሚንቀሳቀሰው ሲሞላ ነው፤ የጥበቃው ጊዜ በየትኛውም ክር ላይ አልተጻፈም። መነሻው ሰዓት የሚሞላባቸው አገልግሎቶች ደግሞ የሚጠብቁት የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ለኤፒአዩ 08:00 ተብሎ መጻፍ አለበት፤ እንዳለ 02:00 ተብሎ ቢገባ ስሌቱ መንገዱ ጭር ባለበት ሌሊት ይሠራና ክልሉ ያለ አግባብ ይሰፋል። ቀኑም እንዲሁ ከእኛ ካላንደር ወደ እነርሱ ተለውጦ መግባት ይኖርበታል።

የጊዜ ገደብ ብቸኛው ገደብ አይደለም። ቶምቶምና ሂር ክልሉን በነዳጅ ወይም በባትሪ መጠን ያሰላሉ፤ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ በመጣበት ጊዜ ይህ ለእኛም ይጠቅማል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን የከፍታው ልዩነት 1,500 ሜትር ያህል ነው። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልገዋል፤ የመንገዱ ርቀት የሚወስደው ሌላ ነው። ሲወርድ ከፊሉን መልሶ ይሞላል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላው የሚወጣው ፖሊጎን ከቆላው ወደ ደጋ ከሚወጣው በእጅጉ ይሰፋል።

ይህ የአቅጣጫ ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚሰጠው ጉዳይ ሲሆን የተማርኩትም በሥራ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደጋው ጠርዝ ላይ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ በአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ የሚደረስበትን ክልል እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። የመጀመሪያው ካርታ ከገደሉ በታች ያለችውን አንዲት ጎጥ ከክልሉ ውጭ አስቀራት። በካርታው ላይ ወደ እርሷ የሚወርድ መንገድ የመኪናው ብቻ ነበር፤ እሱም በሩቅ ይዞራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ካርታውን ትክ ብላ አይታ «የአቋራጩ መንገድ የታለ?» አለችኝ። «የትኛው አቋራጭ?» ስላት በጣቷ የካርታውን ባዶ ቦታ ነካች። «እኔ በየሳምንቱ የምወርድበት። እናቶቹም የሚወጡት በእሱ ነው።»

በማግሥቱ ጉዞን የሚመዘግብ አፕ በስልኬ ከፍቼ ከእርሷ ጋር ወረድሁ። መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቋጥኙ በእግር ብዛት ለስልሶ ደረጃ የመሰለበት ቦታ አለ፤ አንድ ስፍራ ላይ ደግሞ ሰው ሸክሙን እያሳረፈ የሚተነፍስበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ስንመለስ መስመሩን በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የእግር መንገድ ብዬ አስገባሁት፤ መረጃውን እንደገና አውርጄ፣ ዳገቱን በቶብለር ቀመር አስቆጥሬ ስሌቱን ደገምሁት። ጎጧ አሁን በክልሉ ውስጥ ገባች፤ ከጤና ጣቢያው 51 ደቂቃ። ደስ ብሎኝ ካርታውን ሳሳያት «ይኼ ለእኔ ነው» አለች። «እኔ እወርዳለሁ። የታመመ ሰው ግን ይወጣል።»

ልክ ነበረች። ፕሮግራሙ ካልተነገረው በስተቀር ከመነሻው ወደ ውጭ ነው የሚቆጥረው፤ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤትና ለወፍጮ ቤት ግን የሚያስፈልገው ከዙሪያው ወደ መሐል የሚቆጥረው ነው። ቫልሃላም፣ ግራፍሆፐርም፣ ኦፕን ራውት ሰርቪስም ነጥቡን መነሻ ሳይሆን መድረሻ አድርጎ ለማስላት የሚያስችል አማራጭ አላቸው፤ በቅጹ ላይ አንድ ቃል መለወጥ ብቻ ነው። አቅጣጫውን ለውጬ ስሌቱን ስደግመው ያው 3 ኪሎ ሜትር 72 ደቂቃ ሆነና ጎጧ እንደገና ከክልሉ ወጣች። ሁለቱም ካርታዎች ትክክል ናቸው፤ የተመለሱት ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ቀመሩም ቢሆን የተሰላው ጤነኛ ሰው ያለ ሸክም ሲሄድ ነው፤ ልጅ ያዘለች ወይም ምጥ የያዛት ሴት ከዚያ በላይ ትዘገያለች፤ ስለዚህ የታካሚን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ መሙላት ግድ ነው።

በዚህ ሥራ ለሚጀምሩ ወገኖች ከተግባር የተገኙ ሁለት ምክሮች አሉኝ። የታወቁ መንደሮች ዝርዝር በእጃቸው ካለና የሚፈልጉት እያንዳንዱ መንደር በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ከሆነ ፖሊጎን አያስፈልጋቸውም፤ ከሁሉም መንደር ወደ ሁሉም ጤና ጣቢያ የሚወስደውን ጊዜ በሠንጠረዥ የሚመልስ ሌላ አገልግሎት በብዙዎቹ ኤፒአዮች ውስጥ አለ፤ የወሰን ግምት ስለሌለበት ከፖሊጎን ይልቅ ይታመናል። ፖሊጎን የሚጠቅመው ሰዎች የት እንደሚኖሩ በዝርዝር በማይታወቅበት ጊዜ፣ ወይም ካርታው ለብዙ ሰው በግልጽ እንዲታይ ሲፈለግ ነው። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ኤፒአይን ከሩቅ አገር መጥራት አድካሚ ስለሆነ የኢትዮጵያን የኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ አንድ ጊዜ አውርዶ ቫልሃላን ወይም ግራፍሆፐርን በራስ ላፕቶፕ ላይ መጫን ይሻላል። ከዚያ በኋላ መብራት እስካለ ድረስ በቀን ይህን ያህል ጊዜ ብቻ ጠይቅ የሚል ገደብ የለም፤ ግዴታው በሚታተመው ካርታ ላይ መረጃው ከኦፕን ስትሪት ማፕ አስተዋጽዖ አድራጊዎች መገኘቱን መጥቀስ ነው።

ያ ጤና ጣቢያ በመጨረሻ በግድግዳው ላይ የሰቀለው ወደ መሐል የሚቆጥረውን ካርታ ነው። ጎጧ ከመስመሩ ውጭ በቀይ ነጥብ ትታያለች፤ ከጎኗም 72 ደቂቃ የሚል ቁጥር ተጽፎባታል።